በአንድ ረፋድ ሦስት ሺህ እናቶችን ለፈጠሩት ሥራ አስኪያጅ

ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቢቸና

ለክቡር አቶ ፈረደ ኃይለ ሚካኤል
የወይራ ሥር የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ፣ የቢቸናና የሞጣ ቅርንጫፎች ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዓመታዊ ሪፖርትዎ ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ፣ ቤተሰብዎም ሁሉ በያሉበት ደህና እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ሐምሌ 11 ቀን በፊርማዎና በማኅተምዎ ካሰናበቱኝ ጊዜ ጀምሮ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ ነው፤ በግል የጻፍኩልዎትን አራት ደብዳቤዎች በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነው ስላየኋቸው፣ አምስተኛውን፣ ብርጭቆ በማይቀመጥበት ቦታ ማኖር ተገቢ መስሎኛል።

የማያውቁኝ አንባቢዎች እንዳይቸገሩ፣ እፀገነት ባንተአምላክ እባላለሁ። የተማርኩት ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ስለሆኑ አንድ ቃል ያለ ቦታው ሲገባ ቤቱ እንደሚፈርስ ከእሳቸው፣ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ስትገባ ፕሮግራሙ በሙሉ እንደሚቆም ከዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በክሊኒክዎ ዓመት ከመንፈቅ በመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ በሁለቱ ቅርንጫፎች ባሉ ሁለት ሰርቨሮች፣ ማለትም መረጃ ማከማቻ ኮምፒዩተሮች፣ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ማስነሻ ፕሮግራም መጫን፣ በሊኑክሱ ላይ ዳታቤዝ መትከል፣ ከዚያም በካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ የኖሩትን የእናቶች ካርዶች ወደዚያ ማስገባት ነበር።

የስንብት ደብዳቤዎ «የታካሚዎችን ስም ያለ አግባብ በማብዛት» የአንዲትን እናት ሕይወት ለአደጋ እንዳጋለጥኩ ይናገራል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የሚገልጸውን የርክክብ ሰነድ ብፈርም የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን በጥሩ ቃል እንደሚጽፉልኝ በጸሐፊዎ በኩል ላኩብኝ። ይህ ደብዳቤ ለዚያ ግብዣ የተሰጠ መልስ ነው። አልፈርምም። ፊርማዬ የሚዘጋው የእኔን ፋይል ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አስብበት ነበር፤ ነገር ግን እኔ ከፈረምኩ ያጠፉት የእናቶች ስም ሠንጠረዥ እንደጠፋ ይቀራል፣ ነገም ሌላ እናት በዚያው በር ትገባለች። ስለዚህ በፊርማዬ ፈንታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሰርቨሩን ስላኖሩበት ቦታ

ሰርቨሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚቆለፍና ሰው የማይመላለስበት ክፍል እንደሚያስፈልገው ባመለከትኩ ጊዜ፣ በግቢው ውስጥ ከራስዎ ቢሮ የበለጠ ክብር ያለው ቦታ እንደሌለ ገልጸው ከአርቴፊሻል አበባዎ ጎን ስላስቀመጡት አመሰግንዎታለሁ። ለዓይን እንዳይከፋ ብለው ዳንቴል ስላለበሱትም እንዲሁ፤ ዳንቴሉ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ስለሸፈነው ሰርቨሩ ምጥ እንደያዘው ሰው ሲያቃስት ይውል ነበር። ለምሳ ሲወጡም «ሰው በሌለበት መብራት ማባከን ኃጢአት ነው» እያሉ ከግድግዳው ላይ ያጠፉት ነበር፤ በዚያው ቅጽበት የካርድ ክፍል ሠራተኞች የአንዲትን ነፍሰ ጡር የደም ግፊት እየጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ደግነቱ ዳታቤዙን ሳዋቅር፣ የተጻፈውን ሁሉ አስቀድሞ በራሱ ማስታወሻ ላይ እንዲያሰፍርና በድንገት ቢጠፋ ሲነሣ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጌው ነበር። በየቀኑ በስምንት ሰዓት ከምሳ ተመልሰው ሲያበሩት ራሱን መርምሮ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ ማንንም ሳይወቅስ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ይህን ትዕግሥት ከእኔ አልተማረውም።

2. ስለ ቁልፉ

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ስሰጥ፣ ካርድ ክፍሉ የካርድ ክፍልን፣ ላቦራቶሪውም የላቦራቶሪን ብቻ እንዲያይ ሳደርግ፣ «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ አይቆልፍም» ብለው ያዘኑትን ኀዘን አልረሳውም። በማግስቱ ለሁሉም የሚሆን አንድ የይለፍ ቃል አስጽፈው በመጠባበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከክትባት መርሐ ግብሩ ጎን እንዲለጠፍ አዘዙ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ልጁን ሊያስከትብ የመጣ ሁሉ ቤተሰብ ሆኖ ዋለ። ወረቀቱን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ ማን እንደሆነ ሲያጣሩ ስለነበር እነሆ አረፉ።

ቀጥለው ለራስዎ ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ሁሉን መክፈትና ሁሉን ማጥፋት የሚችለውን መግቢያ ጠየቁኝ። አያስፈልግዎትም ብልዎት «ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የማልገባበት በር በዚህ ግቢ አይኖርም» አሉ። ሰጠሁዎት። ከመስጠቴ በፊት ግን በአንድ ገጽ ወረቀት፣ በዚህ መግቢያ የጠፋ ነገር በእርግጥ እንደሚጠፋ፣ የተደረገውም ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በስምዎ እንደሚመዘገብ ጽፌ አቀረብኩልዎት። ሳያነቡ ፈረሙ። ያችን ገጽ አሁንም እወዳታለሁ።

3. ስለ ጋሼ ይታያል ክር

ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፍቀዱልኝ።

ጋሼ ይታያል በቢቸና ካርድ ክፍል አሥራ አራት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ከመደርደሪያው ላይ ካርድ ስመዝ ሦስት ካርዶች በቀይ ክር ታስረው አብረው ወጡ። ሦስቱም ላይ የተጻፈው ስም የተለያየ ነበር። ተሳስተው ያሰሯቸው መስሎኝ ልፈታው ስል እጄን ያዙኝ። «እፀዬ፣ እሱን እንዳትፈቺው። አንድ ሰው ናት» አሉኝ።

እርስዎም እኔም የምናውቀውን ለሌላ አገር አንባቢ ልንገር። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትወለድ ቤተሰቧ ስም ያወጣላታል፤ ስትጠመቅ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጣታል፤ ስትዳር ደግሞ አማቷ በራሳቸው ምርጫ አዲስ ስም ያወጡላታል፣ ከዚያም በኋላ በባሏ መንደር በዚያ እንጂ በሌላ አትጠራም። ስለዚህ ስትታመም የምትመዘገብበትን ስም የሚወስነው ይዟት የመጣው ሰው ነው፤ እናቷ ካመጧት በአንዱ፣ አማቷ ካመጧት በሌላው፣ ከጠበል መልስ የንስሐ አባቷ ካመጧት በሦስተኛው። ጋሼ ይታያል የመጣችውን ሴት ሁሉ አነጋግረው፣ የአንዲት ሴት መሆናቸውን ያረጋገጡባቸውን ካርዶች ከአሮጌ ነጠላ ጥለት በመዘዙት ክር ያስሩ ነበር። የሚያነጋግሩበትን መንገድም አስተማሩኝ፤ «ስምሽ ማነው ብለሽ አትጠይቂ። አማትሽ ማን ይሉሻል በያት፤ ቀጥለሽ እናትሽስ በያት፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ ሦስተኛውን ራሷ ትነግርሻለች።»

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት ተዛማጅ ዳታቤዝ የሚባል ነገር በትክክል የገባኝ ያን ክር ያየሁ ቀን ነው። አንድ ሠንጠረዥ ለሰዎች ሠራሁ፤ እያንዳንዷ እናት በሕይወት ዘመኗ የማይለወጥ አንድ ቁጥር አላት። ሁለተኛ ሠንጠረዥ ለስሞች ሠራሁ፤ እያንዳንዱ ስም የማን እንደሆነ በዚያ ቁጥር ይናገራል። ሦስተኛው የሕክምና ታሪኩ ነው፤ እሱም የታሰረው ከስሙ ጋር ሳይሆን ከሴትዮዋ ጋር ነው። በማናቸውም ስሟ ብትፈለግ የምትገኘው ያችው አንዷ ሴት፣ የሚታየውም ያው ታሪኳ ነው። ባለቤት የሌለው ስም ቢመጣ ዳታቤዙ ራሱ አልቀበልም እንዲል አዘዝኩት። እኔ የሠራሁት ይህን ብቻ ነው፤ ክሩን ወደ ቁጥር ለወጥኩት።

ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት የመጫኛ ፋይሎቹን በፍላሽ እያመላለስኩ፣ የሞጣውን ሰርቨር ደግሞ በሚኒባስ ጭኔ ላይ አቅፌ ወሰድኩት። ጉንደ ወይን ላይ የተሳፈሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ቴሌቪዥን ነው?» አሉኝ። ክሊኒክ ሄደው ያውቁ እንደሆነ ብጠይቃቸው ሞጣ ሦስት ልጅ መውለዳቸውን ነገሩኝ። «እንግዲያው እርስዎ የሚገቡበት መዝገብ ነው እማማ» ስላቸው፣ «አደራ ቀስ አድርገሽ ያዥኝ፣ እንዳልወድቅ» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ዳታቤዝ ምን እንደሆነ እኒያ እናት ከጉንደ ወይን እስከ ሞጣ ገብቷቸዋል።

4. ስለ ቁጥርዎ

ከጋሼ ይታያልና ከሞጣዋ ኃላፊ ነርስ ከሲስተር አስናቀች ጋር ሰባት ወር ሙሉ ስንጠይቅና ስናዛምድ ቆይተን ስንጨርስ፣ በሁለቱ ቅርንጫፎች የነበሩት ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት የእናቶች ካርዶች የሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አንድ እናቶች ሆነው ተገኙ። እኔ ይህን የምሥራች አድርጌ ይዤልዎት መጣሁ። ለካ እርስዎ በየዓመቱ ለቦርዱ የሚያቀርቡት ሪፖርት የሚቆጥረው ካርዱን ኖሯል፤ «ከስድስት ሺህ በላይ እናቶችን ያገለገለ» ተብሎ የተሰጠዎት የምስጋና ሰርተፍኬትም በመስታወት ተደርጎ ከሰርቨሩ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

በሚያዝያ ወር አስጠርተውኝ «ቁጥሬን መልሽልኝ» አሉኝ። እናቶቹ እንዳልጠፉ፣ አንዷ እናት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተቆጥራ እንደነበር ባስረዳዎት፣ «ሥርዓት ያለው ሰው ስሙ አንድ ነው፤ ሦስት ስም ካላት ሦስት ሰው ናት» ብለው መለሱልኝ። በአንድነትና በሦስትነት ነገር ከእርስዎ የበለጡ ሰዎችም ተሳስተዋልና አልፈረድኩብዎትም። አላደርገውም ብዬ ወጣሁ እንጂ።

5. ስለ አካለ ወልድ

አካለ ወልድ የአክስትዎ ልጅ ነው። በቢቸና ዲሽ በመትከልና ስልክ በመጠገን የሚታወቅ፣ ሙያውን የማከብርለት ሰው ነው፤ የእናቴን ዲሽ የተከለው እሱ ነው፣ እስከ ዛሬም ነፋስ አላነቃነቀውም። ግንቦት 18 ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ እኔ ለሥራ ሞጣ በሄድኩበት፣ በእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእርስዎ መግቢያ ገብቶ የስሞችን ሠንጠረዥ ሊያጠፋ ሞከረ። ዳታቤዙ እምቢ አለው። ሌሎች ነገሮች በዚህ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ማጥፋት አልችልም ብሎ በጽሑፍ አስጠነቀቀው። አካለ ወልድ ደግሞ «በእሱ ላይ የተንጠለጠለውንም ሁሉ ጨምረህ አጥፋ» የሚለውን ቃል ከስልኩ ፈልጎ አገኘና ጨመረበት። ከዚያም ከአሮጌው የካርዶች ዝርዝር እያንዳንዱን ስም ራሱን የቻለ ሰው አድርጎ አስገባው፤ ከእንግዲህ ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ ሆነ።

በዚያ ረፋድ፣ ያለ ምጥና ያለ አዋላጅ፣ ከዚያ በፊት ያልነበሩ ሦስት ሺህ አምስት መቶ አርባ አንድ እናቶች ወደዚህ ዓለም መጡ። በሕክምና ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ስለመደረጉ አላነበብኩም።

በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበትን ዲስክ ብፈልገው የእህትዎ የሠርግ ቪዲዮ ሞልቶበታል። ሠርጉ ያማረ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ሞጣ ግን አለች። የቢቸናው ለውጥ በየቅዳሜው ወደ ሞጣ ይላካል፤ ሲስተር አስናቀች የሁለቱን ጠቅላላ ቁጥር አስተያይተው ካልፈቀዱ ግን እንዳይገባ አድርጌ ነበር ያዋቀርኩት። ያን ቅዳሜ ስልክ ደወሉልኝ። «አንቺ ልጅ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ሺህ እናት ከየት መጣ? እኔ አላዋለድኩም።» ለውጡን ሳይቀበሉ ቀሩ። እርስዎም ደውለው እንዲቀበሉ ባዘዟቸው ጊዜ «አቶ ፈረደ፣ የማላውቃትን ሴት አልረከብም» ማለታቸውን ነግረውኛል። ስለዚህ ክሩ ሞጣ ላይ እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው። ከሞጣ ቅጂ አምጥቶ የቢቸናውን መመለስ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መሆኑን በአራቱ ደብዳቤዎቼ ገለጽኩልዎት። በመጨረሻም አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «ሪፖርቱ ሰኔ ሠላሳ ይለቅ፣ ከዚያ እናየዋለን» አሉኝ። ጋሼ ይታያልንም «እንግዲህ ኮምፒዩተር አለ» ብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው።

አደጋው ግን ሰኔ ሠላሳን አልጠበቀም።

6. ስለ ሸዋነሽ

የሚከተለውን የምጽፈው ባለጉዳይዋና ባለቤቷ ተስማምተው፣ ስሟም እንዲጻፍ ራሷ ስለጠየቀች ነው። «ይጻፍ፤ ሦስቱም ይጻፍ» ብላኛለች።

ሸዋነሽ ፋንታ የሞጣ ልጅ ናት። በአሥራ አንድ ዓመቷ ጉሮሮዋን ታማ በሞጣው ቅርንጫፍ ፔኒሲሊን ተወግታ ተዝለፍልፋ ወድቃ ነበርና፣ በካርዷ ላይ ሁለተኛ እንዳይሰጣት በቀይ ተጽፏል። የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው። ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ስትዳር አማቷ ውበቴ ብለው ስም አወጡላት፤ በቢቸናው ቅርንጫፍም የእርግዝና ክትትሏን ያደረገችው ውበቴ ፋንታ ተብላ ነው። አባቷ ፋንታ መባላቸው አይረዳም፤ በዚህ አገር ፋንታ የማይባል ስንት ነው። የሁለቱን ቅርንጫፎች ካርዶች ስናዛምድ ሁለቱን ካርዶቿን ያሰሩት ጋሼ ይታያል ነበሩ፣ ክሩን ወደ ቁጥር የለወጥኩት እኔ ነበርኩ፣ የበጠሱት እርስዎ ነዎት።

ሰኔ 19 ቀን፣ ከወለደች በአምስተኛው ቀን፣ በትኩሳት ራሷን ስታ በአማቷና በባሏ ተይዛ መጣች። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው አዲስ ሠራተኛ ውበቴ ፋንታ ብላ ጻፈች፤ ውበቴ ፋንታ ምንም የሌለባት ንጹሕ ሴት ሆና ወጣች። ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ዘሪቱ እንደ ደንቡ የማይስማማት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀች። አማቷ «ምንም የለባት፤ ከመጣች ጀምሮ ራሷን እንኳን አሟት አያውቅም» ብለው በእውነት መለሱ፤ ከመጣች ጀምሮ ያለውን ነው የሚያውቁት። በሐኪሙ ትእዛዝ ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ መርፌ ተወጋች። መርፌው ሳይወጣ ከንፈሯ ያብጥ፣ ትንፋሿ ያጥር ጀመር። ሲስተር ዘሪቱ ከጭንቅላቷ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አድሬናሊን አዘጋጅታ የማስቀመጥ ልማድ ስላላት ሸዋነሽ ዛሬ አለች። ሕፃኗም ጡት ይዛለች። አማቷ ግን እስከ ዛሬ «ስም አውጥቼ ልገድላት ነበር» እያሉ ያለቅሳሉ፤ ሊገድሏት የነበሩት ስም ያወጡላት አማቷ እንዳልሆኑ ይህን ደብዳቤ ይዤ ሄጄ አነብላቸዋለሁ።

ያንኑ ዕለት ሞጣ ደውዬ ውበቴ ፋንታ የምትባል ሴት እንዲፈልጉልኝ ሲስተር አስናቀችን ለመንኳቸው። ፈለጉ። ውበቴ ብለው ቢጽፉ ሸዋነሽ ወጣች፣ ከነቀዩ ማስጠንቀቂያዋ። ከጥያቄው እስከ መልሱ የወሰደው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው።

7. ስለ ስንብቴ

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሆኖ ካበቃ በኋላ ስም ያበዛሁት እኔ ሆንኩ። ክቡር ሆይ፣ ስሙን ያወጡት እናቷ፣ ካህኑና አማቷ ናቸው፤ እኔ የሰማሁትን ጻፍኩ። ስም አብዝቼ ከሆነ በዚህ ምድር ላይ እናቶች ባበዙት ልክ ነው። ሰው ያበዙት ግን እርስዎ ነዎት።

በስንብቱ ደብዳቤ ላይ ስለጻፉልኝ የመጨረሻ ቃልም አመሰግናለሁ፤ «በወጣትነቷ ያላት ግትርነት ለወደፊት ሕይወቷ እንቅፋት እንዳይሆን ተመክራለች» ይላል። ማን እንደመከረኝ አላስታውስም። ግትርነቴን ግን አልክድም፤ ሠንጠረዡም እንደ እኔ ግትር ነበር፣ እሱም ከእኔ ቀጥሎ እምቢ ብሏል።

ጉዳዩን ለሥራ ክርክር ችሎት አቅርቤአለሁ። በእጄ ያለው ብዙ አይደለም፤ ያች ሳያነቡ የፈረሟት ገጽ አለች፤ በዚያ መግቢያ የተደረገውን ሁሉ በየደቂቃው የጻፈው መዝገብ ደግሞ፣ የቢቸናውን ከማጥፋትዎ በፊት፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ እንደ ደንቡ ሞጣ ደርሷል። መዝገቡ ግንቦት 18፣ አምስት ሰዓት ከአርባ ይላል፤ ከጎኑም የእርስዎ ስም አለ። መዝገብ ሥራ አስኪያጅንና ዲሽ ተካይን አይለይም፤ ማን በማን ወንበር እንደተቀመጠ ለችሎቱ የሚያስረዱት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ከእርስዎ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ወንበሬን አልጠይቅም። የስሞቹ ሠንጠረዥ ከሞጣ ተወስዶ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ሲስተር አስናቀች ለመስጠት ዝግጁ ናቸው፣ እኔም ቢጠሩኝ ጠላት ናት ሳይሉ በር ክፍት ሆኖ ሰው እያየኝ መጥቼ እተክለዋለሁ፣ ተክዬም እሄዳለሁ። ያ እስኪሆን ድረስ ጋሼ ይታያልን ወደ ካርድ ክፍል ይመልሷቸው፤ ኮምፒዩተር አያስፈልጋቸውም፣ ክሩን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ሪፖርትዎም ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አንድ ይበል። ይህ ቁጥር አነስተኛ መስሎ ከታየዎት፣ እያንዳንዷ እስትንፋስ ያላት መሆኗን ያስቡ፤ የሌሎቹ ሦስት ሺህ አምስት መቶ አርባ አንድ እስትንፋስ በእርስዎ ሪፖርት ውስጥ ብቻ ነው።

የርክክቡን ሰነድ በተመለከተ መልሴን ከላይ ጽፌአለሁ። ምናልባት ንባቡን ከዚህ ቢጀምሩ ብዬ እደግመዋለሁ፤ አልፈርምም።

ከሥራዬ እንጂ ከቃሌ ያልተሰናበትኩ፣ ለሰርተፍኬትዎ መስታወት ንጽሕና ሁልጊዜ የምጸልይ፣

እፀገነት ባንተአምላክ
በክርስትና ስሜ ወለተ ኪዳን
ሦስተኛውን ስሜን የምታወጣልኝ አማት ገና ስላላገኘሁ፣ በእርስዎ አቆጣጠር ሁለት ሰው
ሁለታችንም አንፈርምም

ግልባጭ፦
ለሲስተር አስናቀች፣ ሞጣ፤
ለጋሼ ይታያል፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፤
ለወይዘሮ ሸዋነሽ ፋንታ፣ ለወይዘሮ ውበቴ ፋንታ እና ለወለተ ሐና፣ አንድ ቅጂ ለሦስቱም ይበቃል።

ሳልረሳው፦ በመስከረም ልጅ እንደሚጠብቁ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ደስታዎን ከሩቅ ሆኜ እጋራለሁ። ከተማው ወይዘሮ ይርጋነሽ ለሚላቸው ባለቤትዎ፣ ክቡር እናትዎ በሠርጋቸው ማግስት ሌላ ስም ማውጣታቸውን ሠርገኛ የነበረ ሁሉ ሰምቷል፣ እልልም ተብሎበታል። በካርዳቸው ላይ የተጻፈውን አላውቅም፣ ባውቅም አልናገርም። ነገር ግን ሁለት ስም ያላት ሁሉ ግንቦት 18 ቀን ሁለት ሴት ሆናለችና፣ በክሊኒክዎ መዝገብ የባል ስም በሚጻፍበት ዓምድ ፈረደ ኃይለ ሚካኤል የሚባሉ ሰው ሁለት ሚስት አግብተዋል ማለት ነው። እርስዎ በቁርባን የተጋቡ ሰው ነዎትና ይህን ለንስሐ አባትዎ እንዴት እንደሚያስረዱ የራስዎ ፈንታ ነው፤ ሁለቱንም በሪፖርቱ እንደቆጠሯቸው ግን አልጠራጠርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ምጡ ሲመጣ እናትዎ ይዘዋቸው ከመጡ አንደኛዋ፣ እናታቸው ይዘዋቸው ከመጡ ሁለተኛዋ ሆነው ይገባሉ፤ ነርሷም የምታየው ግማሿን ሴት ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ሽሙጥ የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ነውና ስለ እሳቸው ብለው ያንብቡልኝ፤ ሠንጠረዡን እስከዚያ ካልመለሱት ወደ ሞጣ ይውሰዷቸው። እዚያ አንድ ሰው ናቸው።